ጉዳዩ፦ ስለ አንድ ዱለት

«ርእሱ ባዶ ነው» አለኝ። ቀጥሎ «ዓይነቱም ባዶ ነው» አለኝ። ይህን ያለኝ 11 መስመር በጣቴ እየለቀምኩ ከጻፍኩ በኋላ ነው።

ሰው ቢሆን መነጽሬን አውልቄ ዓይን ዓይኑን አየው ነበር። ግን ማሽን ነው። 71 ዓመቴ ነው፤ ከዚህ ውስጥ 23ቱን ያሳለፍኩት አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ፣ ገቢ ደብዳቤ ስቀበል፣ ወጪ ደብዳቤ ስልክ ነው። ሚኒስትር ተሽሮ ሚኒስትር ሲሾም አይቻለሁ፤ መንግሥት ሄዶ መንግሥት ሲመጣም አይቻለሁ። ጉዳይ የሌለው ደብዳቤ ግን በእጄ አልፎ አያውቅም። አሁን ጁባ ላይ፣ ጄኔሬተሩ ጠፍቶ፣ ላፕቶፑ የባትሪውን ጥራጊ እየላሰ፣ ላቤ ካልሲዬ ውስጥ እየወረደ፣ አንድ ሳጥን «ርእስህ ባዶ ነው» ይለኛል።

ነገሩን የጫረችው ዱለት ናት።

የእህቴ ልጅ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ቶንግፒኝ ሰፈር አንዲት ኮንቴይነር ተከራይቶ ሶፍትዌር ይሠራል። ጁባን የማያውቅ አንባቢ «በኮንቴይነር ውስጥ?» ይል ይሆናል። እኔ በ2000 ዓ.ም. ስመጣ ከተማዋ ከኮንቴይነርና ከድንኳን በቀር ብዙ ማደሪያ አልነበራትም፤ ዓባይ ዳር የተኛነው ሁሉ በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ እየተጠበስን ነው። ልጆቹ ቢያንስ መስኮት ቆርጠውበታል። የሚሠሩት ለእኛው ሰዎች ምግብ ቤቶችና ማደሪያዎች ነው፤ የዕቃ ግምጃ ቤት፣ የምግብ ዝርዝር፣ ደረሰኝ። እኔ አማርኛውን አያለሁ። በነጻ አይደለም፤ ምሳዬን ይችሉኛል።

አንድ ቀን ምግብ ቤት ተቀምጬ አጠገቤ ያለ ደንበኛ ደረሰኙን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ፣ «ሦስት ዱላት? እኔ ልበላ ነው የመጣሁት ወይስ ልደበደብ?» አለ። ተቀብዬ አየሁት። እውነት ነው፣ ዱለቱ «ዱላት» ተብሎ ታትሟል። አንድ ፊደል ናት፤ «ለ» መሆን ሲገባት «ላ» ሆናለች። አፈርኩ፤ አማርኛው በእኔ ስም ነው የሚሄደው።

ለእህቴ ልጅ ነገርኩት። «ጋሼ፣ እርስዎው ራስዎ ያስተካክሉት፤ ከዚያ ኮሚት ያድርጉ» አለኝ።

«ኮሚት ምንድን ነው?»

«ለውጡን መዝገብ ላይ ማስፈር ነው። ምን እንደቀየሩ መልእክት ይጽፉበታል። ለዘላለም ይቀመጣል።»

መዝገብ ሲል ልቤ ሞቅ አለ። በዚህ ዕድሜዬ መዝገብ ይዞልኝ የመጣ ወጣት! ፊደሏን አስተካከልኩና መልእክቱን ስጽፍ እንደ ወጉ ጻፍኩ። «ይድረስ ለተከበርከው ለእህቴ ልጅ። ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ለሰማይ ለምድሩ ለከበደው ጌታ ምስጋና ይግባውና ከሙቀቱ በቀር ደህና ነኝ» ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ ዱለት ከምን እንደሚሠራ፣ ስሙ ከዱላ ጋር ምንም ዝምድና እንደሌለው፣ ደንበኛው ምን እንዳለ ዘረዘርኩ። «ከሰላምታ ጋር» ብዬ አራት ነጥብ አድርጌ ዘጋሁ። ያኔ ነው ርእሱ ባዶ ነው፣ ዓይነቱ ባዶ ነው የተባልኩት።

የእህቴ ልጅ ሳቁን እያፈነ መጣ። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ዓይነቱን መናገር አለብዎት። አዲስ ነገር ከሆነ ፊት ይላሉ፤ ስሕተት ካረሙ ፊክስ ይላሉ።»

«ፊቴን ታጥቤ ነው የመጣሁት» አልኩት።

ፊት ማለት የፈረንጅ ነው ለካ፤ አዲስ ባሕርይ የሚል ቃል ተቆርጦ ተቆርጦ የቀረች ጭራ። ፊክስ ጥገና ነው። ዶክስ ሰነድ ነው። ቾር የሚሉት ደግሞ የቤት ውስጥ ጉድ ጉድ ነው፤ ማንም የማያመሰግነው ሥራ። ዓይነቱን ጽፈህ፣ ከፈለግህ የየትኛውን ክፍል እንደሆነ በቅንፍ አስገብተህ፣ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ አጭር መግለጫ ታስከትላለህ። ሐተታ ካለህ አንድ መስመር ባዶ ትተህ ከሥር ታስቀምጠዋለህ። ከሐተታው ሥር ደግሞ ሌላ ባዶ መስመር ትተህ ግርጌ ትጽፋለህ፤ ማን እንዳየው፣ ማን እንደፈረመ፣ ከየትኛው አቤቱታ ጋር እንደሚያያዝ።

በጥሞና ሰማሁት። ሲጨርስ «ይህማ ጉዳዩ እና ግልባጭ ነው!» አልኩት።

በእውነት ነው የምለው። ቁጥር፣ ቀን፣ «ለ»፣ «ጉዳዩ፦»፣ ሐተታ፣ «ግልባጭ፦»። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ አንዱን ለጽሕፈት ሾመዋል፤ ከዚያ ወዲህ ያለ የኢትዮጵያ ቢሮክራሲ በደብዳቤ ያደገ ነው። መዝገብ ቤት ሳለሁ ደብዳቤ ሲመጣ ሐተታውን አላነብም፤ ጊዜ የለም። ዓይኔ «ጉዳዩ» የሚለው ላይ ያርፋል፤ «የደመወዝ ጭማሪ ስለመጠየቅ» ካለ ለአስተዳደር፣ «የመኪና ጎማ ስለመግዛት» ካለ ለግዥ እመራዋለሁ። ፓርሰር የሚሉት እኔን ነው! የኮሚቱን መልእክት የሚተነትነው ማሽን ከእኔ የሚለየው ሻይ አለመጠጣቱ ብቻ ነው።

የእህቴ ልጅ ግን አዲስ ነገር ነው ይለኛል። ጊት የተባለው መዝገብ ራሱ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ የሱዳኑ የሰላም ስምምነት ናይሮቢ ላይ በተፈረመ በሦስት ወሩ ገደማ። ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለው የፊንላንድ ተወላጅ፣ ሊኑክስ የተባለውን ሶፍትዌሩን ሲያስተዳድርበት የነበረው የሰው መዝገብ በነጻ መጠቀም ሲከለከልበት፣ ተናድዶ በቀናት ውስጥ የራሱን ሠራ። ቃሉ በእንግሊዞች የመንደር አነጋገር የማይረባ ሰው ማለት ነው፤ ሰውዬውም በራሴ ስም ሰየምኩት ብሎ ይቀልዳል። ተናድዶ መዝገብ የሚያቋቁም ሰው አከብራለሁ። የመልእክቱ አጻጻፍ ግን ከእሱ አልመጣም። ጉግል ውስጥ አንጉላር የሚባለውን ሶፍትዌር የሚሠሩት ልጆች ለራሳቸው ያወጡት ደንብ ነበር፤ ከዚያ ሌሎች ወስደው አጠቃላይ አደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2019 አንደኛው እትም ወጣ። ለምን ማሽን እንዲያነበው ፈለጉ? አንደኛው ምክንያት ቁጥር ለማውጣት ነው። ሶፍትዌር በሦስት ቁጥር ይጠራል፤ 1.4.2 እንደማለት። ማሽኑ ፊክስ ካየ የመጨረሻውን ቁጥር በአንድ ያሳድጋል። ፊት ካየ መካከለኛውን ያሳድጋል። ነባሩን አሠራር የሚሰብር ለውጥ ካየ የመጀመሪያውን። ሰው አያስብም፤ መለያው ያስባል።

ይህችን ያዙልኝ፤ ኋላ ጉድ የሠራችኝ እሷ ናት።

ሁለተኛ ሙከራዬ እንዲህ ነበር። «ፊክስ» ብዬ በፈረንጅ ፊደል ጻፍኩ፤ ከዚያ ወደ አማርኛ ገበታ ተመልሼ «፦» አደረግሁ፤ ከዚያ «የዱለት ፊደል ተስተካከለ።» አልኩ። ባዶ ነው አለኝ። የእህቴ ልጅ ዓይኑን ሰክቶ ብዙ ቆየ። በመጨረሻ «ጋሼ፣ ይህ ሁለት ነጥብ አይደለም» አለ።

እኔን! ሥርዓተ ነጥብ በአለንጋ የተማርኩትን! ለእኛ ሁለት ነጥብ አለ፣ ነጠላ ሰረዝ አለ፣ ድርብ ሰረዝ አለ፣ ዝርዝር ሲከተል የምናደርጋት ሁለት ነጥብ ከሰረዝ አለች። ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጠው የኮምፒውተር መዝገብ፣ ዩኒኮድ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ግዕዝን ሲቀበል ለእያንዳንዳቸው ቤት ሰጥቷቸዋል። የማሽኑ ደንብ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው፤ ከእሷ ቀጥሎም ክፍት ቦታ ካላገኘ ዓይኑን ይጨፍናል። ነጥቤ ለእሱ ነጥብ በመልክ እህት ናት፤ በቁጥሯ ግን ባዕድ ናት። መታወቂያ የተጠየቀ ሐበሻ መሆኔን ያኔ ተረዳሁ።

አንዲት ድል ግን አግኝቻለሁ፤ ልንገራችሁ። ደንቡ መግለጫው በነጥብ እንዳያልቅ ይከለክላል። እኔ ያለ አራት ነጥብ ዓረፍተ ነገር መዝጋት ያለ ሱሪ መውጣት ነው የሚመስለኝ። የእህቴ ልጅ «ነጥቧን ያጥፏት» ቢለኝም ትቻት ሞከርኩ፤ ማሽኑ የፈረንጇን አንድ ነጥብ ብቻ ነበር የሚያሳድደው፤ አራቷን ነጥቤን ሲያያት አላወቃትም፣ አለፈች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን መልእክቴን በአራት ነጥብ ነው የምዘጋው። አላወቁብኝም።

ቀጥሎ በአማርኛ ለምን «ጥገና» ብዬ አልጽፍም አልኩ። አንተ የምትሠራው ለሐበሻ፣ የሚበላው ሐበሻ፣ የሚያርመው ሐበሻ፤ ፊክስ ምን ቤት ነው? ጻፍኩ፤ ባዶ ነው። እዚህ ላይ የእህቴ ልጅ ራሱ ተገረመ። የሚጠቀሙበት መተንተኛ ጃቫስክሪፕት በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈ ነው። ዓይነቱን የሚፈልግባት አንዲት ምልክት አለች፤ ያጋደለ ጭረትና ደብልዩ ናት፤ «የቃል ፊደል የሆነ ሁሉ» ማለቷ ነው ይላሉ። በጃቫስክሪፕት ግን ቃል ማለት ከኤ እስከ ዜድ ያለው፣ አኃዝና የሥር መስመር ብቻ ነው። ፓይተን በሚባለው ሌላ ቋንቋ ያችው ምልክት ግዕዙንም ትቀበላለች። አያችሁ? ያቺው አንዲት ምልክት እንደየአገሯ ሰው ታበላልጣለች። አንዱ ኬላ «ፊደል ነህ» ይልሃል፣ ሌላው «ምንም አይደለህም» ይልሃል።

ልጁ አንጀቱ አልችል አለና በአንድ ሌሊት መተንተኛውን በፓይተን እንደገና ጻፈው። ጥገና፣ አዲስ፣ ሰነድ፣ ጉድጉድ ብሎ አራት የአማርኛ ዓይነቶች ፈቀደ። «ጉድጉድ» የእኔ አስተዋጽኦ ናት። «፦» ከ«:» እኩል እንድትቆጠርም አደረገ። ደስ አለኝ፤ ቡና አስፈላሁላቸው።

ደስታው ሳምንት አልቆየም። የለውጦቹ ዝርዝር በየክፍሉ ተሰብስቦ ሲታተም «ሂሳብ» የሚል ርእስ ወጣ፤ ከሥሩ አራት ጥገናዎች። ዝቅ ብሎ «ሒሳብ» የሚል ሌላ ርእስ፤ ከሥሩ ሦስት ጥገናዎች። ማሽኑ ሁለት ክፍል መሰለው። አንዱ በሃሌታው ሀ፣ ሌላው በሐመሩ ሐ። ማን ነው በሃሌታው የጻፈው ብትሉ የእህቴ ልጅ ነው፤ ቦሌ ያደገው። በሐመሩ የጻፈው ደግሞ ደቡብ ሱዳናዊው ጓደኛው ነው፤ በስደት ጋምቤላ ትምህርት ቤት ገብቶ አማርኛ የተማረው። ቃሉ ከዓረብኛ የመጣ ስለሆነ ሐመሩን ነው የሚፈልገው። ልጁን አቅፌ ሳምኩት። የእህቴን ልጅ ግን ለእናቱ ደውዬ ነገርኳት፤ እንዲህ ያለ ነገር ዝም አይባልም።

«ጋሼ፣ ድምፁ አንድ ነው» ይለኛል። ድምፁ አንድ ነው፤ ማሽኑ ግን የሚሰማበት ጆሮ የለውም። አሁን ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ ሰ፣ ሠ፣ አ፣ ዐ፣ ጸ፣ ፀ የሚያጋባ ሠንጠረዥ ሠርቶለታል። እኔ ያን ሠንጠረዥ ሳይ የሆነ ነገር የተቀበረ ያህል ነው የሚሰማኝ።

ከዚያ ደግሞ የክብደት ጉዳይ መጣ። የመጀመሪያው መስመር ከ72 እንዳይበልጥ ይላል ደንባቸው። እኔ ቆጥሬ 40 ፊደል ጻፍኩ፤ በዛ አለኝ። እንዴት? ለካ ልጁ በችኮላ የሚቆጥረው ፊደሉን ሳይሆን ባይቱን፣ ማለትም ማሽኑ ፊደል የሚመዝንበትን መስፈሪያ ኖሯል። የፈረንጅ ፊደል አንድ ባይት ትመዝናለች፤ የእኛ እያንዳንዷ ሦስት። 72ቱ ለእኔ 24 ሆነብኝ! በሻንጣ ክብደት ስንት ዘመን ከአዲስ አበባ ጁባ በበርበሬና በሽሮ ምክንያት የተጨቃጨቅኩ ሰው፣ አሁን ደግሞ በፊደሌ ትርፍ ክፈል ልባል? ይህን እንኳ በአንድ ቃል አስተካከለው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሽማግሌ ማላዘን ነው፤ ይታለፍ። የማይታለፈው ይህ ነው።

በደረሰኙ ኮድ ውስጥ አንዲት መስመር ነበረች፤ ድምሩን ሁልጊዜ ወደ ላይ፣ ወደ መቶ ፓውንድ ታጠጋጋለች። የእህቴ ልጅ አያትና «ይህ ስሕተት ነው፤ ደንበኛን መዝረፍ ነው» አለ። ማን እንደጻፋት ለማወቅ ጊትን ጠየቀው። መጠየቂያውን «ብሌም» ይሉታል፤ ወቀሳ ማለት ነው። (ስሙን ወደድኩት፤ መዝገብ ቤት እንዲህ ያለ ማኅተም ቢኖረን ኖሮ!) ጊት የጸሐፊውን ስም አወጣ፤ አዲስ አበባ የተመለሰ ልጅ ነው። ቀኑን አወጣ። ሰዓቱን እስከ ሰከንዱ አወጣ፤ የሰዓት ቀጠናውን ጭምር። ጁባ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2021፣ በእኛ ጥር 24 ቀን 2013፣ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሳ ከአዲስ አበባ ተለይታለች፤ መዝገቡ ይህን እንኳ ያውቃል፤ የእኔ የእጅ ሰዓት ግን እስካሁን አልተቀበለውም። ይህ ሁሉ ከታወቀ በኋላ መልእክቱን አነበበው። «ፊክስ: ማስተካከያ» ይላል።

በቃ። ዓይነቱ አለ። ሁለት ነጥቡ የፈረንጅ ነው። ክፍት ቦታው በቦታው ነው። በነጥብ አላለቀም። ማሽኑ እጅ ነሥቶ አሳልፎታል። «ማስተካከያ»! ምኑን? ለምን?

የእህቴ ልጅ መስመሯን አጠፋት። በማግስቱ ጠዋት ከሦስት ምግብ ቤት ስልክ ተደወለ፤ ገንዘብ ያዦቹ እየጮኹ ነው። ደረሰኙ 4 ሺህ 735 ፓውንድ ይላል፤ 65 ፓውንድ የሚመልስ ማን ነው? እዚህ ገንዘብ በላስቲክ ከረጢት ታስሮ ነው የሚሄደው፤ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ጥቅልል እንጂ ዝርዝር አይቆጠርም። ትንንሾቹ ኖቶች ከእጅ ጠፍተዋል፤ «ማፊ» ነው መልሱ፣ የለም። መስመሯን የጻፈው ልጅ ይህን ያውቅ ነበር። ገንዘብ ያዦቹ ለምነውት ነው ያስገባት፤ ምግብ ቤቶቹም ዋጋቸውን ቀድመው ዝቅ አድርገውላታል። ይህ ሁሉ በሁለት መስመር ይጻፍ ነበር። አልጻፈም፤ ምክንያቱም ማሽኑ አልጠየቀውም። ማሽኑ የጠየቀው ዓይነቱን ነው።

እኔ መዝገብ ቤት ሳለሁ «ጉዳዩ» ያልተጻፈበት ደብዳቤ በእጄ አያልፍም ነበር ብያለሁ። እውነቱን ልጨምር፤ ጉዳዩ ተጽፎ ሐተታው ባዶ የሆነ ደብዳቤም መጥቶልኝ ያውቃል። «ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ» ይልና ከሥሩ «ከላይ በርእሱ እንደተጠቀሰው ትብብር እንዲደረግልን እንጠይቃለን» ይላል። እሱን መርቼው ነበር። ዓይኔ ጉዳዩ ላይ አርፎ ለትክክለኛው ክፍል ልኬዋለሁ፤ ምን ዓይነት ትብብር እንደሆነ እስከ ዛሬ ማንም አያውቅም። ስለዚህ ማሽኑን ብቻ አልረግምም፤ አውቀዋለሁ፣ የሥራ ባልደረባዬ ነው። የምረግመው ማሽኑን አልፌ ጨረስኩ የሚለውን ነው። ከመስመሩ በታች ያለው ባዶ ስፍራ የተተወው ለሰው ነው፤ እሱን የሚያይ ፓርሰር የለም፣ እዚያ ጋ የሚጠይቅህ ኅሊናህ ብቻ ነው። የሊኑክስ ሰዎች እንኳ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በግርጌ ፊርማ ያኖራሉ፤ የላኩት ኮድ የመላክ መብት ያላቸው መሆኑን በስማቸው ያረጋግጡበታል። ፊርማ ያለው ሰው ደግሞ ነገ ተጠያቂ ነው። የእኛ ልጆች ግን ፊክስ ብለው፣ ልከው፣ ሻይ ሊጠጡ ይሄዳሉ።

ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝ። ደቡብ ሱዳናዊው «ጋሼ፣ ልክ ነዎት» አለ። የእህቴ ልጅ ስልኩን አየ።

ዱለቷን ግን አልረሳኋትም። በዚያው ሰሞን ሁሉም ነገር ተስተካክሎ፣ የአማርኛው መተንተኛ ሥራ ጀምሮ፣ የመጨረሻውን ኮሚት ልጽፍ ተቀመጥኩ። ርእሱን፣ ከዚያ ባዶ መስመር፣ ከዚያ ምክንያቱን፤ ዱለት ምን እንደሆነ፣ ደንበኛው ምን እንዳለ፣ «ላ» የገባችው ገበታው ላይ ከ«ለ» ጋር የአንድ ቁልፍ ልዩነት ብቻ ስላለ መሆኑን፣ ሁሉንም። በግርጌ «ያየው» ብዬ ስሜን ጻፍኩ። እጄን ሳሻሽ፣ ስንት ጊዜ ባዶ ነህ እንደተባልኩ ትዝ አለኝ። ንዴቱ መጣ። «ጥገና» ከሚለው ቀጥሎ፣ ከሁለት ነጥቡ በፊት፣ አንዲት ቃለ አጋኖ ደነቀርኩበት። «ጥገና!» አልኩ። እንደ ማንኛውም ሰው፤ ለአጽንዖት፣ ትንሽም ለቁጣ።

አለፈ። አንድ ጊዜ እንኳ ሳይመልሰኝ አለፈ። ጮቤ ረገጥኩ።

ለካ በእነሱ ደንብ ከሁለት ነጥቡ በፊት የተቀመጠች ቃለ አጋኖ «ይህ ለውጥ ነባሩን ይሰብራል» ማለት ናት። በቃል የሚጻፍ ከሆነ ደግሞ በግርጌ በትልልቁ የፈረንጅ ፊደል ካልሆነ አይቀበሉም፤ የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፣ ንጉሡም ሎሌውም በአንድ ቁመት ነው የሚጻፉት፤ የእህቴ ልጅ በዚያ ምክንያት ነው ምልክቷን ብቻ ያስቀረው። የእኔን ቁጣ ማሽኑ አነበበና የመጀመሪያውን ቁጥር አሳደገ። 1.4.2 የነበረው 2.0.0 ሆነ። በአንዲት «ለ»! ልጆቹ ከዓመት በኋላ፣ በድግስ፣ በኬክ ሊያወጡት ያሰቡት ቁጥር ነበር።

«መልሰው» አልኩት። «የወጣ ቁጥር አይመለስም ጋሼ፣ ደንቡ ነው» አለኝ። ይህንስ ወደድኩት፤ ወጪ የሆነ ደብዳቤ ቁጥሩ አይሰረዝም፤ እኛም እንዲሁ ነበርን። የባሰው ግን የምግብ ቤቶቹ ኮምፒውተሮች ናቸው። ትንንሹን ጥገና ራሳቸው ይቀበላሉ፤ የመጀመሪያው ቁጥር ሲለወጥ ግን ባለቤቱ ፈቅዶ ካልሆነ አይነኩትም፤ የሚሰብር ነገር መስሏቸው። ባለቤቶቹን አንድ በአንድ ዞሬ አነጋገርኳቸው። «ሁለት ዜሮ ዜሮ? ምን አዲስ ነገር አለው? ስንት ነው የሚያስከፍለን?» ይሉኛል። «አንዲት ፊደል ናት፤ በነጻ ነው» እላቸዋለሁ። አያምኑኝም። በነጻ የሚሰጥ ሁለት ዜሮ ዜሮ ጁባ ውስጥ አይተው አያውቁም።

የእህቴ ልጅ «ከድሮው ላይ ቅርንጫፍ ከፍቼ 1.4.3 አወጣልዎታለሁ፤ ሲመቸኝ» ብሏል። ይህን ካለ አምስት ሳምንት ሆነው።

እስከዚያው ጁባ የምትመጡ ወገኖቼ፣ ዱለት ስትፈልጉ በቃል እዘዙ፣ ብሉ፣ ክፈሉ። ደረሰኙን አትመልከቱ፤ አሁንም «ዱላት» ነው የሚለው።